ሻምበልን ልለቀው ነበር

ባልዲውን የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጬ በቀበቶ አሰርኩት። ውስጡ ሻምበል አለ። ሻምበል ኤሊ ነው። ስሙን ያወጣችለት እናቴ ናት። ከባሕር ዳር በቪዲዮ ስታየው፣ አረንጓዴ ለብሶ አንገቱን ቀና አድርጎ ተቀምጦ ነበርና «ይሄማ ሻምበል ነው» አለች። በዚያው ጸና።

የምሄደው ከቤታችን አሥር ደቂቃ ወደሚርቅ ሐይቅ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ እንዲህ ያሉ ትንንሽ ሰው ሠራሽ ሐይቆች ሞልተዋል። ዙሪያቸውን ሰው ይሮጣል፣ ውስጣቸው ዳክዬ ይዋኛል። ሐሳቤ ቀላል ነበር። ሻምበልን ዳር ላይ አስቀምጠዋለሁ። እሱ ጭልጥ ብሎ ይገባል። እኔ ባዶ ባልዲ ይዤ እመለሳለሁ። ለልጄ «ዘመዶቹ ጋ ሄደ» እለዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው ከአራት ዓመት በፊት ነው። ለዕረፍት ወደ አንድ የባሕር ዳርቻ ሄደን፣ መንገድ ዳር ጠረጴዛ ዘርግቶ ኤሊ የሚሸጥ ሰው አየን። የልጄን መዳፍ እንኳ የማይሞሉ፣ ከዓይናቸው ኋላ ቀይ መስመር ያላቸው ጫጩቶች። ልጄ ያኔ ሰባት ዓመቱ ነው። እንዴት እንደለመነኝ የወለደ ያውቀዋል። ሰውየው ከኤሊው ጋር የፕላስቲክ ዘንባባ የተተከለበት ትንሽ ሣጥን ሰጠንና «ከዚህ በላይ አያድግም» አለን። በሬ ወለደ! ዛሬ ሻምበል የወጥ ሳህን ያክላል።

ያ ሽያጭ ሕገ ወጥ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ የጀርባ ድንጋዩ ርዝመት ከ4 ኢንች፣ ማለትም ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ኤሊ ለቤት እንስሳነት እንዳይሸጥ ከልክላለች። ምክንያቱ ሳልሞኔላ የሚባል በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ነው። ኤሊ ባክቴሪያውን ይዞ ይዞራል፣ ትንሽ ልጅ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል። 4 ኢንች የሆነ ኤሊ የሕፃን አፍ ውስጥ አይገባም። ሕግ አውጪዎቹ የልኬቱን ነገር እንዲህ ነው ያሰቡት፤ ወድጄላቸዋለሁ። የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ክልከላው በዓመት 100 ሺህ ያህል ሕፃናትን ከበሽታው እንዳዳነ ይገምታል። ሆኖም ይኸው ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ሲል ሰውየው ጠረጴዛውን ዘርግቶ ይሸጣል፣ እኔም ቦርሳዬን አውጥቼ እገዛለሁ።

ሻምበል አደገ። ሣጥኑ አልበቃ አለ፤ ትልቅ የመስታወት ገንዳ ገዛን። ከዚያ ማጣሪያ፣ ከዚያ የሚሞቅበት መብራት። ውሃው በሦስተኛው ቀን ይሸታል። ባለቤቴ «ወይ እሱ ወይ እኔ» አላለችም። ግን አየችኝ። የሚረከበኝ ፍለጋ ሦስት ቦታ ደወልኩ። ሦስቱም «እንዲህ ያለ ኤሊ ሞልቶናል፣ አንቀበልም» አሉኝ። እናቴ ነገሩን ሰማችና ፈረደች። «የእግዜርን ፍጥረት በጠርሙስ ዘግቶ ማኖር ምን የሚሉት ነው? ውሃ ጠፍቶ ነው? ልቀቁት፣ ይጸድቅላችኋል።» የቸገረው ሰው ጆሮ እንዲህ ያለ ምክር ሲሰማ ደስ ይለዋል። ባልዲውን አነሳሁ።

ሐይቁ ዳር ስደርስ ውሃው ላይ የወደቀ ግንድ አየሁ። ግንዱ ላይ ኤሊዎች ተሰልፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ተጠግቼ ቆጠርኳቸው፤ አሥራ አንድ። ሁሉም ከዓይናቸው ኋላ ቀይ መስመር አላቸው። አሥራ አንድ ሻምበል።

ባልዲውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ከእኔ በፊት እዚህ ባልዲ ይዞ የመጣ ስንት ሰው ነው? ስንት አባት «ዘመዶቹ ጋ ሄደ» ብሎ ልጁን አታሏል? የዚህ ኤሊ አገሩ የሚሲሲፒ ወንዝና ገባሮቹ ናቸው፤ ሜሪላንድ አይደለም። እነዚህ ወይ በሰው እጅ የመጡ ናቸው፣ ወይ የመጡት የወለዷቸው። የአካባቢው ኤሊ የሚሞቅበትን ግንድ ይዘው፣ የሚበላውን በልተው ይኖራሉ። ዓለም ላይ እጅግ ክፉ ከተባሉ 100 ወራሪ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥም አሉ። እኔ አሥራ ሁለተኛውን ልጨምር ነበር። ለጽድቅ ብዬ!

ሻምበልን ወደ ቤት መለስኩት።

ከዚያ ወዲህ ነው ስለዚህ ነገር ማንበብ የጀመርኩት። አንድ እንስሳ ከሩቅ አገር ይመጣል፣ ይሸጣል፣ ያመልጣል ወይም ይለቀቃል፣ ይራባል። ከዚያ መንግሥት ይነቃና «ይከልከል» ይላል። አርቢዎቹ «አይከልከልም» ይላሉ። ክርክሩ አሜሪካ ውስጥ ዓመታት ያስቆጠረ ነው፤ የጦፈው ደግሞ ፍሎሪዳ ነው።

ፍሎሪዳ፣ ኬፕ ኮራል የሚባል ከተማ የአክስቴ ልጅ ይኖራል። ከተማው በቦይ የተሸነሸነ ነው፤ የቦዮቹ ርዝመት ሲደመር ከ640 ኪሎ ሜትር ያልፋል ይባላል። ብርድ ሸሽተን ልንጠይቀው ሄድን። ጠዋት ቡና ይዘን ከጓሮ ቆመን ሳለ ከቦዩ ዳር አንድ ነገር እየተሳበ ወጣ። ረጅም፣ ጥቁር ሆኖ ቢጫ ነጠብጣብ ያለበት፣ ምላሱን የሚያወጣ የሚያስገባ። ሁለታችንም እኩል «አርጃኖ!» አልን።

አርጃኖ ነው፤ የኛው። በዓባይ ዳርና በጣና ዳር ያደገ ሰው አይስተውም። ፈረንጆቹም ስሙን በናይል ነው የሚጠሩት። የአክስቴ ልጅ እዚያ ሰፈር ስምንት ዓመት ኖሮ ያን ያህል ቀርቦት አያውቅም ነበር። ልክ አገር ቤት ሰው እንዳገኘ ደስ አለው። ስልኩን አውጥቶ ሲቀርጽ ከአፉ «ወንድሜ» የሚል ቃል ሲወጣ ሰምቻለሁ። እኔም ሳቄ መጣ። እንግዲህ ስደተኛ ስደተኛን ሲያይ ነው።

ታሪኩ ግን የሚያስቅ አይደለም። ጫጩቱ ትንሽና ቆንጆ ነው፤ በርካሽ ይሸጥ ነበር። ሲያድግ ከአንድ ሜትር ተኩል ያልፋል፣ ይናከሳል። ኬፕ ኮራል ውስጥ ከ1990 አካባቢ ጀምሮ ይታያል። ከተማው ደግሞ መሬት ውስጥ ጉድጓድ ሠርታ በምትኖር ትንሽ ጉጉት የታወቀ ነው። ጎጆዋ መሬት ላይ፣ አርጃኖ እንቁላልና ጫጩት ወዳጅ። የቀረውን መገመት ይቻላል።

የዘንዶው ይብሳል። የበርማ ዘንዶ በኤቨርግሌድስ ረግረግ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1979 ነው። አንድ ዘንዶ ዘንዶ ነው፣ ማን ይጨነቃል? ሰዉ ግን መግዛቱን አላቆመም። ከ1996 እስከ 2006 ባለው ጊዜ ብቻ ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ የበርማ ዘንዶ ወደ አሜሪካ ገብቷል። በ1992 አንድሩ የተባለው አውሎ ነፋስ ሆምስቴድ አካባቢ አንድ የማርቢያ ቦታ አፈራርሶ ዘንዶ አስመለጠ ይባላል፤ ሰው ሁሉ እሱን ታሪክ ይወዳል፣ ጥፋቱ የነፋስ ይሆናላ። ዘንዶው ግን ከነፋሱ በፊትም እዚያ ነበር። በ2000 ተመራማሪዎች እንስሳው እዚያው እየተራባ መሆኑን አረጋገጡ።

በ2012 የወጣው ጥናት ነው ያስደነገጠኝ። ተመራማሪዎቹ በኤቨርግሌድስ ፓርክ መንገዶች ላይ ሌሊት እየነዱ በሕይወት ያለውንም በመኪና የተገጨውንም እንስሳ ቆጠሩ። ከዚያ ዘንዶው ሳይበዛ በ1990ዎቹ ከተቆጠረው ጋር አነጻጸሩት። ራኩን የሚባለው ትንሽ አውሬ በ99.3 በመቶ ቀንሷል። ከ100 ራኩን አንድ ሙሉ ራኩን እንኳ አልተረፈም ማለት ነው። ኦፖሰም የሚባለው ሌላ ትንሽ አውሬ በ98.9 በመቶ። ጥንቸልማ ጭራሹን ጠፍቷል።

ክልከላው መቼ መጣ? የደቡብ ፍሎሪዳ የውሃ አስተዳደር ዘንዶው «ጎጂ ዝርያ» ተብሎ እንዲመዘገብ ለፌዴራል መንግሥት ያመለከተው በ2006 ነው። መልሱ የመጣው በ2012። ለዚያውም ከታሰቡት ዘጠኝ ዝርያዎች አራቱ ብቻ ተመዘገቡ፣ በ2015 ሌላ አራት ተጨመረ። ዘጠነኛው ቦዋ የሚባለው እባብ ነው፤ ብዙ ሰው ቤት ስላለ ቀረ። እኛ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንላለን። እዚህ ግን ጅቡ አልሄደም። ገብቶ፣ ወልዶ፣ ተቀምጧል። በነገራችን ላይ በ2012 ከተመዘገቡት አራቱ አንዱ ኢትዮጵያም ውስጥ ያለው የአፍሪካ ዘንዶ ነው። እሱም ከማያሚ በስተምዕራብ አንድ ጥግ ይዞ ይራባል።

አሁን ለመንቀል ይሞከራል። በ2013 ፍሎሪዳ የዘንዶ አደን ውድድር አዘጋጀች። 1,600 ገደማ ሰው ተመዘገበ። የተያዘው 68 ዘንዶ። አንድ ዘንዶ ለመያዝ ከሃያ ሰው በላይ! ሣር ውስጥ ከተኛ እግርህ ሥር ሆኖ አይታይም። በ2022 ይፋ የተደረገችው አንዲት እንስት 98 ኪሎ ትመዝን ነበር፤ ሆዷ ውስጥ ገና በማደግ ላይ ያሉ 122 እንቁላሎች ተቆጠሩ። ይህን አንብቤ ለባለቤቴ ሳወራላት «ራት ላይ ነን» አለችኝ።

እስከዚህ ድረስ ሐሳቤ ግልጽ ነበር። ይከልከል፣ አለቀ።

ሌሊት ፈረቃ አብሮኝ የሚሠራ አሜሪካዊ አለ። አሥራ አራት ዘንዶ ቤቱ ውስጥ ያሳድጋል። ትንንሾቹን፣ ሲፈሩ እንደ ኳስ የሚጠቀለሉትን የምዕራብ አፍሪካ ዓይነት። ለየአንዳንዳቸው ማሞቂያ አላቸው፣ የሚመገቡበት ቀን በደብተር ተጽፏል። እውነቱን ለመናገር እኔ ሻምበልን ከምይዘው እሱ ዘንዶዎቹን የሚይዝበት ይበልጣል። አንድ ሌሊት ሥራ ሲቀዘቅዝ አነሳሁበት።

«ሚሺጋን በረዶ ውስጥ የበርማ ዘንዶ ስንት ቀን ይኖራል?» አለኝ። በጥር 2010 ፍሎሪዳ ራሷ ስትቀዘቅዝ ብዙ ዘንዶ እንዳለቀ ነገረኝ። አንብቤዋለሁ፣ እውነት ነው። «ታዲያ ለአንድ ግዛት ችግር የሃምሳውን ግዛት ሰው ለምን ይከለክላሉ?»

ይህ ክርክር ባዶ አይደለም። በ2008 የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ተመራማሪዎች አንድ ካርታ አወጡ፤ የአገሪቱ ሢሶ ገደማ አየሩ ለዘንዶው ይስማማዋል የሚል። አርቢዎቹ ተቆጡ። ሌሎች ተመራማሪዎችም በዚያው ዓመት ሌላ ካርታ ሠርተው፣ የሚስማማው ደቡብ ፍሎሪዳና ደቡብ ቴክሳስ ነው አሉ። አንድ እንስሳ፣ ሁለት ካርታ። ሕጉ በየትኛው ይመራ?

አርቢዎቹ ፍርድ ቤት ሄዱ። በሚያዝያ 2017 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። ክልከላው የተመሠረተበት ሌሲ የሚባለው ሕግ የመነጨው በ1900 ነው። ዳኞቹ የሕጉን ቃል እንዳለ አነበቡ። ሕጉ ከውጭ ማስገባትን ይከለክላል፤ በዋናው ምድር ካለ አንዱ ግዛት ወደ ሌላው ማጓጓዝን ግን አይከለክልም አሉ። በ2022 የተወካዮች ምክር ቤት ይህን ቀዳዳ የሚደፍን አንቀጽ በአንድ ትልቅ ረቂቅ ውስጥ ሸጉጦ አሳለፈ። አርቢዎቹ እንደገና ተነሱ፣ በመጨረሻው ሕግ ውስጥ አንቀጹ የለም።

ያ ረቂቅ ሌላም ነገር ነበረበት፤ ባልደረባዬ እስካሁን ሲያወራው ድምፁ ከፍ ይላል። አሠራሩን ይገለብጠዋል። ዛሬ ያልተከለከለ ሁሉ ይገባል። በአዲሱ ግን ጉዳት እንደሌለው ያልታወቀ እንስሳ አይገባም። አውሮፓ ውስጥ ለአጥቢ እንስሳት እንዲህ የሚያደርጉ አገሮች አሉ። ቤልጅየም መጀመሪያ የፈቀደችው 42 ዝርያ ብቻ ነው። ኔዘርላንድ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ 30። ለባልደረባዬ ይህ ሰውን ሳይከሱ ማሰር ነው። እኔ ግን ወደድኩት። ዘንዶው ስድስት ዓመት ፋይል ውስጥ ሲጠብቅ ረግረጉ ውስጥ አልጠበቀም። ከገባ በኋላ ከመጨቃጨቅ በር ላይ መጠየቅ ይሻላል። በሐሳብ ተለያየን።

ከዚያ ግን አንድ ጥያቄ ጠየቀኝና አፌን አስያዘኝ። «ድመት አለህ?»

የለኝም። ጎረቤቴ ግን ሁለት አላት፣ ጠዋት በር ከፍታ ትለቃቸዋለች። በ2013 የወጣ ጥናት አሜሪካ ውስጥ ድመቶች በዓመት ከ1.3 እስከ 4 ቢሊዮን ወፍ ይገድላሉ ብሎ ይገምታል። ቢሊዮን ነው ያልኩት። አብዛኛው የሚገደለው ባለቤት በሌላቸው ድመቶች ነው፤ እነሱ ግን ከየት መጡ? «ድመት ይከልከል» የሚል ፖለቲከኛ የለም፤ የሚመርጠው አያገኝማ። ባልደረባዬ እዚህ ላይ ሐቅ አለው። እንስሳ የሚከለከለው በጉዳቱ ልክ ብቻ አይደለም፤ ባለቤቶቹ ጥቂት ሲሆኑና ሰው ሲጠላው ነው። እባብን የሚወድ ስንት ነው?

ብዙ ካነበብኩ በኋላ ከሁለቱም ወገን ጋር የማልስማማበት ነገር ተገለጠልኝ። አንደኛው ወገን እንስሳ የሚለቅ ሰው ግዴለሽ ነው ይላል። ሌላው «እኛ ጥሩ አርቢዎች አንለቅም፣ የሚለቁት መጥፎዎቹ ናቸው» ይላል። እኔ ባልዲውን ይዤ ሐይቅ ዳር የቆምኩት ግዴለሽ ስለሆንኩ አይደለም። መግደል አልቻልኩም፣ የሚረከበኝ አላገኘሁም፣ እናቴም ይጸድቅላችኋል አለች። የሚለቅ ሰው ብዙ ጊዜ ሆዱ የባባ ሰው ነው። ጨካኝ ሰው ቢሆን ኖሮ ግንዱ ላይ አሥራ አንድ ኤሊ ባልኖረ ነበር። ክፉኛ የሚያስጠላ አባባል ነው፤ ግን ይሄው ነው።

ታዲያ ክልከላ ሲወጣ ይህ ሆደ ባሻ ሰው ምን ያደርጋል? ነገ ጠዋት ሕገ ወጥ የሚሆን እንስሳ ቤቱ አለ። ቢያስመዘግብ ይቀጡኛል ብሎ ይፈራል። ሌሊት ባልዲውን ያነሳል።

ጃፓን ይህን ያሰበችበት ይመስለኛል። የሻምበል ዘሮች እዚያም ወንዙን ሞልተውታል። ከሰኔ 2023 ጀምሮ መሸጥና መልቀቅ ተከለከለ። የለቀቀ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም እስከ 3 ሚሊዮን የን ቅጣት ይጠብቀዋል። ቤቱ ያለው ሰው ግን ያለ ፈቃድ፣ ያለ ምዝገባ ማኖር ይችላል። መያዝ ጭምር ቢከለከል ሰዉ በአንድ ሌሊት ወንዝ ውስጥ ይጥላቸዋል ብለው ፈርተው ነው። ወንዝ የሚጥል ሕዝብ መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን፣ ሕዝብ ስለሆነ።

ፍሎሪዳም ዘግይታም ቢሆን ተምራለች። በ2021 አርጃኖን፣ ቴጉ የሚባለውን ትልቅ እንሽላሊትና ኢጓናን ጨምሮ 16 ተሳቢዎችን ከለከለች። ቴጉ ወይም ኢጓና ቤቱ የነበረው ሰው 90 ቀን ተሰጠው፤ ማይክሮቺፕ አስገብቶ ያለ ክፍያ ፈቃድ እንዲያወጣ። ከ2006 ጀምሮ ደግሞ የምሕረት ፕሮግራም አላት። እንስሳህን ታመጣለህ፣ ሳትቀጣ ትሰጣለህ። በሕገ ወጥ መንገድ ይዘኸውም ቢሆን። ከዚያ የሚያሳድገው ሰው ይፈለግለታል። የአደን ውድድሩ በየጋዜጣው ይወጣል፣ የዚህን ወሬ ግን ማንም አይሰማውም። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። እኔ ደውዬ «ሞልቶናል» ያሉኝ ቦታ ይሄ ቢኖር ኖሮ ሐይቅ ዳር ባልሄድኩ ነበር።

እናቴን ማስረዳት ግን ቀላል አልነበረም። ለምን እንዳልለቀቅሁት ስትጠይቀኝ ስለ ፍሎሪዳ ጀመርኩ፤ አልገባትም። በመጨረሻ «እማዬ፣ ሻምበል እዚህ እምቦጭ ነው» አልኳት።

ዝም አለች። እምቦጭን ለባሕር ዳር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ቆቃ ሐይቅና አዋሽ ላይ የታየው እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ነው፤ ጣና ላይ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2011። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ዓለምን ያዞረው ሐምራዊ አበባው ነው፤ ሰው ለኩሬው ጌጥ ብሎ ከአገር አገር ወሰደው። ያንን አበባ የሚጠላ አልነበረም። ዛሬ ጣና ላይ ጀልባ ያስራል፣ ዓሣ አጥማጁን ከውሃው ይለያል። ገበሬው ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ሲነቅል እናቴ አይታለች። ይነቀላል፣ ተመልሶ ይመጣል።

«ቆይ እስቲ» አለች በመጨረሻ። «ሻምበል ያብባል?»

«አያብብም እማዬ።»

«እንግዲያው ውሃውን ቶሎ ቶሎ ለውጥለት።»

ቅዳሜ ቅዳሜ እለውጣለሁ። ልጄ አሁን ያግዘኛል። ባለፈው ባልዲውን ይዞ ቆሞ ኤሊ ስንት ዓመት እንደሚኖር ጠየቀኝ። ጥሩ ከተያዘ 30 ዓመት ሊደርስ እንደሚችል ነገርኩት። በጣቱ ቆጠረ። «ኮሌጅ ስገባ ይዤው እሄዳለሁ» አለ።

ማታ ገብቼ የተለያዩ ኮሌጆችን የመኝታ ቤት ደንብ አየሁ። ዓሣ ይፈቅዳሉ። ኤሊ የፈቀደ እስካሁን አላገኘሁም። ገና አልነገርኩትም።